«ስታርቭድ» ሲሏችሁ ዳቦ አታቅርቡ፦ የድሮ እንግሊዝኛ የብርድ ቃላት ንጽጽር

እንግሊዝ አገር ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ክረምት ዮርክሻየር ውስጥ አንዲት አዛውንት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባቸው ነበር። አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። «አይ አም ስታርቭድ» አሉኝ። እኔ በማውቀው እንግሊዝኛ ይሄ ቃል ራብ ነው። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ዳቦ ጠበስኩ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ ከሻይ ጋር አቀረብኩላቸው። ዳቦውን አልነኩትም። ኩባያውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። የጣቶቻቸው ጫፍ ነጭ ሆኗል። ያኔ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ አልራባቸውም፤ በርዷቸዋል። ማሞቂያው ሌሊት ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የብርድ ቃላት ሲነገሩ ጆሮዬን ቀስሬ ነው የማዳምጠው። ብዙ ናቸው። መዝገበ ቃላት ብትከፍቱ ሁሉንም «በጣም የበረደው» ብሎ ያልፋቸዋል። ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው። አንዱ ለአዛውንት ሲነገር ያምራል፣ ሌላው ነውር አለበት። አንዱ ሰሜን ላይ ማሞቂያ ያስከፍትላችኋል፣ ደቡብ ላይ ግን ሳንድዊች ያስመጣላችኋል። አንዱ ደግሞ ብርድን ሳይሆን የሰውየውን ቅምጥልነት ነው የሚናገረው።

ይህን የምጽፈው አዛውንት ለምትንከባከቡ፣ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ለምታስተረጉሙ፣ የድሮ እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ለምትመልሱ ነው። ጎረቤቱን በራሱ ቋንቋ ማናገር ለሚፈልግም ይጠቅማል።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ቃላቱን ከመዘርዘሬ በፊት በምን እንደምመዝናቸው ልናገር።

አንደኛ፣ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ አየሩ? በአማርኛ «በረደኝ» እና «ዛሬ ብርድ ነው» አይምታቱም። «በረደኝ» ስንል አድራጊው ብርዱ ነው፤ እኛ ተቀባይ ነን። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ራሱን ቀዝቃዛ ያደርገዋል። «አይ አም ኮልድ» ይላል። ስለዚህ የትኛው ቃል «አይ አም» ከሚለው ቀጥሎ እንደሚገባ፣ የትኛው «ኢት ኢዝ» ከሚለው ቀጥሎ እንደሚመጣ ማወቅ አለብን። ይሄ ሲሳሳት ወዲያው ያስታውቃል።

ሁለተኛ፣ አገሩ። ከእነዚህ ቃላት አብዛኞቹ የአንድ አካባቢ ናቸው። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ራቅ ካላችሁ የሚሰማችሁ የለም።

ሦስተኛ፣ የብርዱ ልክና ሰውነት ላይ የሚይዝበት ቦታ። የሚያንዘፈዝፍ ብርድ አለ። ጣት የሚያደነዝዝ አለ። ጃኬት ብቻ የሚያስደርብም አለ።

አራተኛ፣ ለማን ይባላል? ለሐኪም፣ ለአዛውንት፣ ለሥራ ባልደረባ?

አምስተኛ፣ የስህተቱ ዋጋ። እኔ ከሁሉም በላይ የማስቀድመው ይሄንን ነው። ቃል ተሳስታችሁ ሰው ቢስቅ ምንም አይደለም። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት በብርድ ተቀምጠው ቢውሉ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ቃላቱ ዕድሜ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጆሴፍ ራይት የሚባል የዮርክሻየር ሰው ነበር። በልጅነቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ማንበብ የተማረው በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። በኋላ ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ1898 እስከ 1905 ባለው ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝኛ ዘዬዎችን መዝገበ ቃላት በስድስት ቅጽ አሳተመ። ከእሱ በኋላ ደግሞ ከ1950 እስከ 1961 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 313 ቦታዎችን እየዞሩ የገጠር አዛውንትን ንግግር መዘገቡ። ዛሬ እነዚህን የብርድ ቃላት በየመንደራቸው አስቀምጠን ማውራት የቻልነው በእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ድካም ነው።

ቃላቱ ለምን በዙ ለሚል፣ የእነዚያን አዛውንት የልጅነት ቤት ያስብ። ማዕከላዊ ማሞቂያ ብርቅ ነበር። የድንጋይ ከሰል እሳት አንድ ክፍል ውስጥ ይነዳል፤ መኝታ ቤቱ በረዶ ነው። ጠዋት የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ያበቅላል። ጥር 1963 ላይ የመካከለኛው እንግሊዝ የወሩ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.1 ዲግሪ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀዝቃዛው ወር እሱ ነው። ዛሬ የምንንከባከባቸው ሰዎች ያኔ ወጣቶች ነበሩ።

ስታርቭድ

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሡ «ስቴዮርፋን» ነው፤ መሞት ማለት ነው። በምን መሞት የሚል የለበትም። የጀርመንኛ ዘመዱ «ሽቴርበን» እስከ ዛሬም መሞት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ግን ትርጉሙ እየጠበበ መጣ። መደበኛው ቋንቋ በራብ መሞትን ወሰደ። ሰሜኑና የመካከለኛው እንግሊዝ ሰፊው ክፍል በብርድ መሞትን ያዘ። ዮርክሻየር፣ ላንካሻየር፣ ደርቢሻየር፣ ሊንከንሻየር ያደጉ አዛውንት «ስታርቭድ» ካሉ መጀመሪያ ብርድን ጠርጥሩ። «ስታርቭድ ቱ ዴዝ» ካሉ ብርዱ ልክ አልፏል ማለት ነው።

እኛም እኮ «በብርድ ሞትኩ» እንላለን። «በራብ ሞትኩ»ም እንላለን። ልዩነቱ አማርኛ ገዳዩን በስሙ ይጠራል። የሰሜን እንግሊዝ ሰው ሞቱን ብቻ ይናገርና ገዳዩን እንድታውቁት ይተውላችኋል።

እንዴት ትለያላችሁ? ቃሉ «ስታርቪንግ» ከሆነና የሚናገረው ወጣት ከሆነ ራብ ነው፤ የትም ቢሆን። «ስታርቭድ» ከሆነና ተናጋሪው የሰሜን አዛውንት ከሆነ ብርድ ሊሆን ይችላል። ላንካሻየርና ስታፎርድሻየር አካባቢ የድሮ ሰው ራቡን «ክሌምድ» በሚል ሌላ ቃል ይናገር ስለነበር «ስታርቭድ» ለብርድ ነጻ ነበር። ግን በግምት አትሂዱ። «አር ዩ ኮልድ?» ብላችሁ ጠይቁ። እጃቸውን ዳስሱ። ክፍሉን እዩ።

እዚህ ላይ ከቋንቋ ወጣ ልበልና የሥራውን ልናገር። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት የሚኖሩበት ክፍል ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሞቅ ይመክራል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደገኛ ነው። በርዷቸው የነበሩ አዛውንት መንቀጥቀጡን በድንገት ካቆሙ፣ ንግግራቸው ከተንተባተበ፣ ወይም ግራ ከተጋቡ ተሻላቸው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። 999 ደውሉ።

ይሄን ቃል በራሳችሁ አፍ መጠቀም አለባችሁ ወይ? ሰሜን ካልኖራችሁ አይመከርም። ለጆሮ ግን ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ፔሪሽድ

ሥሩ ላቲን ነው፤ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ነው እንግሊዝኛ የገባው። መጥፋት፣ ማለቅ ማለት ነው። «አይ አም ፔሪሽድ» ብትሉ ለንደንም፣ ሊድስም፣ ደብሊንም ይገባል። ለሰው ብቻ አይደለም የሚሆነው። አየሩን «ኢት ኢዝ ፔሪሺንግ» ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ሁለቱንም በር የሚከፍት ቁልፍ ማለት ይሄ ነው።

ጨዋ ቃል ነው። አያት ለልጅ ልጅ ትለዋለች፣ ታማሚ ለነርስ ይለዋል። ትንሽ ያረጀ ሽታ አለው፤ ግን ያ ሽታ ደስ የሚል ነው። አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ አጠገቤ ለቆሙ ሴትዮ «አይ አም ፔሪሽድ» አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። እናታቸው ይህን ቃል ትል እንደነበር አጫወቱኝ። አውቶቡሱ እስኪመጣ አወራን።

በአማርኛ «በብርድ አለቅሁ» የሚለው ይቀርበዋል። ጎማና ላስቲክ ሲያረጅ ሲሰነጣጠቅም እንግሊዞች ይሄንኑ ቃል ይጠቀማሉ፤ ስለ መኪና ጎማ ሲያወሩ ብትሰሙት ብርድ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ለብርድ አልተለመደም፤ እዚያ ቶሎ የሚያስታውሰው የሚበላሽ ምግብን ነው።

ሽራምድ፣ ኒዘርድ እና የእኛ ቆፈን

ይሄን ክፍል እወደዋለሁ።

አማርኛ ውስጥ «ቆፈን» የሚል ቃል አለን። «በረደኝ» ከማለት ይለያል። ጣት ብርድ ይዞት አልታዘዝ ሲል፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅት፣ ክብሪት መጫር ሲያቅት ነው ቆፈን የምንለው። በኅዳር ውርጭ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የቀዳ ሰው በደንብ ያውቀዋል። መደበኛው እንግሊዝኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም፤ «ማይ ፊንገርስ አር ናም»፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ብሎ ዘርዝሮ ነው የሚናገረው። የገጠሩ እንግሊዝኛ ግን አለው።

«ሽራምድ» የደቡብ ነው። ዊልትሻየር፣ ሃምፕሻየር፣ ዶርሴት፣ የዋይት ደሴት። ሥሩ መጨማደድ፣ መሰብሰብ ነው። ስለዚህ ቆፈኑም አለበት፣ ኩርምት ማለቱም አለበት። ትከሻ ወደ ጆሮ ወጥቶ፣ እጅ ብብት ውስጥ ተወሽቆ፣ ጣት ደንዝዞ ማለት ነው። «አይ አም ሽራምድ» ይላሉ። ለአየር አይሆንም። ዛሬ ሊድስ ውስጥ ብትሉት ማንም አይገባውም፤ ዊልትሻየር ገጠር ግን አንድ ሽማግሌ ከአፋችሁ ቢሰሙት ይደነቃሉ።

«ኒዘርድ» የሰሜን ነው፤ ዮርክሻየር ላይ እስከ ዛሬ በደንብ ይሰማል። ይሄኛው ወደ መንዘፍዘፍ ያደላል። ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ነው። ትልቅ ጥቅሙ አሻሚ አለመሆኑ ነው። ከብርድ ሌላ የሚጠረጠር ትርጉም የለውም። ሰሜን የምትኖሩ ከሆነና የአካባቢውን ቃል መናገር ካማራችሁ ከ«ስታርቭድ» ይልቅ እሱን ምረጡ።

ያቺ ዳቦ ያቀረብኩላቸው ሴትዮ ናቸው ያስተማሩኝ። ከገበያ ሲመለሱ የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት አቃታቸው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ጣታቸው ከቁልፉ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው «ኒዘርድ» አሉ፤ ልጅ ፊደል እንደሚያስተምሩ ቀስ ብለው። እኔም «ቆፈን» አልኳቸው። ደገሙት። «ቆ» ላይ ተቸገሩ፤ ግን ደገሙት።

ከአማራጮቹ ባይሆንም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ዛሬ «ክላምዚ» ማለት እጁ ዕቃ የማይዝ፣ የሚጥል፣ የሚሰብር ሰው ነው። ቃሉ የመጣው ግን በብርድ መደንዘዝ ከሚል የድሮ ግሥ ነው። እጁ ቆፍኖት ዕቃ የጣለ ሰው ነበር የመጀመሪያው። «ናም» የሚለውም መያዝ ከሚል የጥንት ግሥ ነው የወጣው፤ የተያዘ ማለት ነው። እኛም «ብርድ ያዘኝ» እንላለን። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ብርድን ሰው የሚይዝ ነገር አድርገው ማየታቸው ሁሌ ይገርመኛል።

ፋውንደርድ

የሰሜን አየርላንድ ነው። ቤልፋስት ካላችሁ ትሰሙታላችሁ። ሌላው ዓለም ላይ ይሄ ቃል መርከብ ሰጠመ ማለት ነው፤ ፈረስም ሲያነክስና ሲደክም ይባላል። እዚያ ግን «አይ አም ፋውንደርድ» ያለ ሰው በብርድ ደርቋል። እዚያ ካልኖራችሁ ማወቁ ብቻ ይበቃል።

ብራስ መንኪስ

የናስ ጦጣ ማለት ነው። «ኢት ኢዝ ብራስ መንኪስ» ሲሉ አየሩ እጅግ ቀዝቃዛ ነው ማለታቸው ነው። ለአየር እንጂ ለሰው አይሆንም። ሙሉው አባባል የወንድ ብልት ያለበት ነው፤ ብርዱ ከናስ ጦጣው ላይ ያረግፈዋል ይላል። ስለዚህ አጭሩን እንጂ ረጅሙን በአዛውንት ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊት፣ በቃለ መጠይቅ ላይ አትበሉት። አጭሩም ቢሆን የወንዶች የሥራ ቦታ ወሬ ነው። የግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ትሰሙታላችሁ።

ስለ አመጣጡ በየቦታው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በድሮ የጦር መርከብ ላይ የመድፍ ጥይት የሚደረደርበት የናስ ትሪ ነበር፣ ስሙ ጦጣ ይባል ነበር፣ ብርድ ሲመጣ ናሱ ተኮማትሮ ጥይቶቹ ይንከባለሉ ነበር ይባላል። ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይደለም። ጥይቶቹ ይቀመጡ የነበሩት ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ ነው። ስሌቱም አይሠራም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ናስ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢወርድ፣ ከብረት አስበልጦ የሚኮማተረው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ልክ ጥይት አይንከባለልም። የሚገርመው ደግሞ ይሄ ጦጣ መጀመሪያ ላይ ለሙቀትም ይጠራ ነበር። በ1847 በታተመ አንድ የባሕር ተጓዥ ትረካ ላይ ሙቀቱ የናስ ጦጣን አፍንጫ ያቀልጣል የሚል አለ። በሌሎች የዚያ ዘመን ጽሑፎች ላይ ብርዱ ጭራውን ወይም ጆሮውን ይወስድበታል። እንግዲህ የጦጣው ሐውልት ነው የተጎዳው፤ መርከብ የለበትም።

ቴተርስ እና ፓርኪ

ሁለቱም ስለ አየር ናቸው። ቶሎ ልለፋቸው።

«ቴተርስ» የምሥራቅ ለንደን ነው። ድንች ማለት ነው። የዚያ ሰፈር ሰዎች ቃልን ቤት በሚመታ ሐረግ ይተኩታል፤ ከዚያ ቤት የሚመታውን ጫፍ ይቆርጡታል። «ቴተርስ ኢን ዘ ሞልድ»፣ ማለትም አፈር ውስጥ ያለ ድንች፣ ከ«ኮልድ» ጋር ቤት ይመታል። ጫፉ ተቆርጦ ድንቹ ብቻ ቀረ። የአራዳ ቋንቋ ለምታውቁ አሠራሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ለመስማት እንጂ ለመናገር አልመክረውም፤ ከሰፈሩ ሰው አፍ ነው የሚያምረው።

«ፓርኪ» ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አለ። ቀዝቀዝ ብሏል፣ ነፈስ ብሏል ዓይነት ነው። ለኃይለኛ ብርድ ያንሳል። እንግሊዞች ግን ነገር ማሳነስ ይወዳሉና በበረዶ ላይ ቆመው «ኤ ቢት ፓርኪ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ቃሉን አትመኑ፤ ቴርሞሜትሩን እዩ።

ኔሽ፦ ከዚህኛው ተጠንቀቁ

ኖቲንግሃም፣ ደርቢ፣ ስቶክ፣ ሼፊልድ፣ ማንቸስተር አካባቢ የምትኖሩ በእርግጠኝነት ትሰሙታላችሁ። ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ለስላሳ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ትርጉሙ ብርድ የማይችል፣ ቅምጥል ነው። የሚናገረው ስለ ሰውየው ጠባይ ነው። ጓንት አድርጋችሁ ሥራ ስትገቡ «ዩ አር ኔሽ» ካሏችሁ እየቀለዱባችሁ ነው። ክፋት የለውም። እናንተ ግን ለታማሚ ወይም ለአዛውንት እንዳትሉት። በርዷቸው ሳለ «ብርድ አትችሉም» ማለት ነው የሚሆነው።

«አይ አም ኔሽ» ብትሉም «በጣም በርዶኛል» ማለት አይደለም። «እኔ ብርድ አይሆንልኝም» እንደማለት ነው። ከሐሩር አገር የመጣን ሰዎች ራሳችንን ለማስተዋወቅ ጥሩ ይሆናል።

ቺልድ ቱ ዘ ማሮው

እስከ መቅኔ መብረድ ነው። «ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ» ከምንለው ጋር ልክክ ይላል። ለሰው ነው። የትም ይገባል፤ አሜሪካ «ቱ ዘ ቦን» የሚለው ይበልጥ ይሰማል። ነውር የለበትም፣ አያሻማም፣ ሲጻፍም ያምራል። ጉድለቱ መልክ የለውም። የየትም ስለሆነ የማንም አይደለም። ሰው ልብ ውስጥ አያስገባችሁም፤ ግን አያሳፍራችሁም።

ሁሉም ባንድ ላይ

| ቃሉ | ለሰው ወይስ ለአየር | የት | የሚቀርበው አማርኛ | ለማን ይባላል | የመሳሳት አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስታርቭድ | ለሰው | ሰሜንና መካከለኛው እንግሊዝ | በብርድ ሞትኩ | ለሁሉም፣ በአካባቢው ብቻ | ከፍተኛ፤ ከራብ ጋር ይምታታል |
| ፔሪሽድ | ለሰው፤ ለአየር «ፔሪሺንግ» | ብሪታንያና አየርላንድ | በብርድ አለቅሁ | ለሁሉም | ዝቅተኛ |
| ሽራምድ | ለሰው | ደቡብ እንግሊዝ ገጠር | ቆፈነኝ፣ ተኮራመትኩ | ለአካባቢው አዛውንት | ሌላ ቦታ አይገባም |
| ኒዘርድ | ለሰው | ዮርክሻየርና ሰሜን | አንዘፈዘፈኝ | ለሁሉም፣ በአካባቢው | ዝቅተኛ |
| ፋውንደርድ | ለሰው | ሰሜን አየርላንድ | ደረቅሁ | ለአካባቢው ሰው | ሌላ ቦታ መርከብ መስጠም ነው |
| ብራስ መንኪስ | ለአየር | ብሪታንያ | ቆዳ የሚልጥ ብርድ | ለሥራ ጓደኛ | ነውር አለበት |
| ቴተርስ | ለአየር | ለንደን | ብርድ ነው | ለሰፈር ሰው | ድንች ይመስላል |
| ፓርኪ | ለአየር | ብሪታንያ | ቀዝቀዝ ብሏል | ለሁሉም | የብርዱን ልክ ያሳንሳል |
| ኔሽ | ለሰው ጠባይ | መካከለኛውና ሰሜን እንግሊዝ | ብርድ አይችልም | ለጓደኛ፣ በቀልድ | ያስቀይማል |
| ቺልድ ቱ ዘ ማሮው | ለሰው | የትም | አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ | ለሁሉም፣ ለጽሑፍም | የለውም ማለት ይቻላል |

ለእናንተ የትኛው?

አዛውንት የምትንከባከቡ ከሆነ መናገሩን ተዉትና ማዳመጡን አስቀድሙ። «ስታርቭድ»፣ «ፔሪሽድ»፣ «ኒዘርድ»። እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ሰሜን አየርላንድ ከሆናችሁ «ፋውንደርድ»ን ጨምሩ። አዲስ ባልደረባ ሲመጣ መጀመሪያ ንገሩት። የሥራ ሥልጠና ላይ እኔን ማንም አልነገረኝም። የዕለት መዝገብ ላይ ስትጽፉም አዛውንቱ ያሉትን ቃል እንዳለ ጻፉና ከጎኑ የጠየቃችሁትንና ያያችሁትን ጨምሩ። «በርዷቸው ነበር፣ እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ማሞቂያው ጠፍቷል» ብላችሁ።

አስተርጓሚ ከሆናችሁ «ስታርቭድ» የሚል ምስክር ወይም ታማሚ ሲገጥማችሁ ቆም በሉ። ማብራሪያ የመጠየቅ መብታችሁን ተጠቀሙ። «ተርቤ ነበር» እና «በርዶኝ ነበር» አንድ ሰው እንዴት እንደተያዘ በሚጠየቅበት ጉዳይ ላይ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ናቸው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱም ተጠንቀቁ። «ብርድ መታኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ መታመሙን ነው የሚናገረው፤ በዚያ ሰዓት በርዶታል ማለት ላይሆን ይችላል። ቀዝቃዛ ማለት የሆነውን «ፍሪጂድ» የሚለውን ቃል ደግሞ ለሰው በፍጹም አትጠቀሙ፤ ስለ ሴት ሲባል ስድብ ነው።

የድሮ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የምትመልሱ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ሁሉንም «በጣም በረደው» አታድርጉት። አማርኛ ሀብታም ነው። ቁር አለን፣ ውርጭ አለን፣ ቆፈን አለን፣ መንዘፍዘፍ አለን፣ ኩርምት ማለት አለን። ገጸ ባሕርዩ የዶርሴት እረኛ ሆኖ «ሽራምድ» ካለ ቆፈኑን ስጡት። የሰሜን ሰው «ስታርቭድ» ካለ በዙሪያው ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። እሳት፣ በረዶ፣ እርጥብ ልብስ፣ ክፍት በር ካለ ብርድ ነው። ማዕድ፣ ዳቦ፣ ባዶ ጎተራ ካለ ራብ ነው። «ብራስ መንኪስ»ን በቀጥታ «የናስ ጦጣ» ብላችሁ ብታልፉት አንባቢው ጦጣ ፍለጋ ይሄዳል። «ቆዳ የሚልጥ ብርድ» ይበቃዋል።

ፈተና ላለባችሁ ተማሪዎች ወይም ደብዳቤ ለምትጽፉ «ቺልድ ቱ ዘ ማሮው» ይበቃችኋል። አሜሪካና ካናዳ ላላችሁም እንደዚያው፣ «ቱ ዘ ቦን» በሚለው። የእንግሊዝ መንደሮችን ቃላት እዚያ መሸከም አያስፈልጋችሁም።

ጊዜ የለኝም፣ አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ ለሚለኝ ሰው «ፔሪሽድ» እሰጠዋለሁ። ሁለት መያዝ ለሚችል «ፔሪሽድ»ን ለአፉ፣ «ስታርቭድ»ን ለጆሮው። ሦስተኛ ቦታ ካለው ደግሞ የሚኖርበትን ከተማ ይንገረኝ። ዮርክሻየር ከሆነ «ኒዘርድ»፣ ቤልፋስት ከሆነ «ፋውንደርድ»፣ ሃምፕሻየር ገጠር ከሆነ «ሽራምድ»። ሌላ ቦታ ከሆነ ጎረቤት ያሉትን ትልቅ ሰው ሻይ ይዞ ሄዶ ይጠይቅ። «እናትዎ ሲበርዳቸው ምን ይሉ ነበር?» ብሎ።